ወንድም ልንሆን መጣን

ነገር ሁሉ የተበላሸው ማክሰኞ ነው። በግንቦት አጋማሽ፣ ሪፐብሊኩ ስምንት ወሩን በያዘ ሰሞን፣ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይ ከፓሪስ ጣሪያዎች ገና ሳትወርድ። ሌላው ሰው ሌላ ቀን ይጠራል። ንጉሡ የተገደለበትን ዕለት የሚል አለ፤ ምክር ቤቱ በመድፍ የተከበበበትን እሑድ የሚል አለ፤ ከግድግዳው ወዲያ የሚኖሩት ባላባት ደ ሞንቬር ደግሞ ሕዝብ እስር ቤቱን ሰብሮ የገባ ዕለት ሁሉም አብቅቷል ይላሉ። አንሰልም ቴሲዬ ግን ማክሰኞ ይላል። ማንም ሳይጠይቀው ይላል። አሁንም፣ ሁለት ዓመት አልፎ፣ አልቶና በምትባል የሰው አገር ከተማ፣ ጠዋት ላይ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ተንጋሎ፣ ጣሪያውን እያየ ማክሰኞ ይላል።

እንቅልፍ እምቢ ካለው ሰንብቷል። ሌሊቱን በስኳር ማጣሪያው ማድረቂያ ክፍል እሳት ሲጠብቅ ያድራል፤ ሥራው ይኸው ነው፣ ሙቀቱ ከፍ እንዳይል፣ ዝቅም እንዳይል፣ ሾጣጣዎቹ ስኳሮች ደርቀው እንዳይሰነጠቁ። ቦርዶ ላይ የሮማን ሕግ የተማረ ሰው፣ በፓሪስ ችሎት ቆሞ ዳኛ ያስደመጠ ሰው፣ አሁን ስኳር እንዳይሰነጠቅ ይጠብቃል። ጠዋት ሲወጣ ፀጉሩም ኮቱም የተቃጠለ ስኳር ይሸታል፣ ዝንብ እስከ ደጁ ትሸኘዋለች፣ መጋረጃውን ይጋርዳል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ዓይኑ ግን ከውስጥ ክፍት ነው፤ በውስጡ አዳራሹ አለ፣ አግዳሚው አለ፣ የተከፈተው በር አለ።

«ሙሴ ቴሲዬ፣ ተኝተዋል?» ይላሉ ባላባቱ ከግድግዳው ወዲያ። ለከተማው ሴቶች የገለባ ባርኔጣ እየሠሩ ነው የሚኖሩት፤ ገለባው ሲንኮሻኮሽ ይሰማል።

«ተኝቻለሁ።»

«ደግ። የተኛ ሪፐብሊካዊ ጉዳት የለውም።»

ዛሬ እንኳ ቢተኛ ይሻለው ነበር። ከቀትር በኋላ ሰዓት ሻጩ አብራም ጉዌ ይመጣል። ጉዌ ስዊዝ ነው፣ የማንም ወገን አይደለም፣ ለሁሉም ሰዓት ይሸጣል፣ ስለዚህ ድንበሩ ሁሉ ይከፈትለታል። ከፓሪስ የመጣው ትናንት ነው፣ ነገ ወደዚያው ይመለሳል፣ ከአንሰልም የሚፈልገው አንድ ቃል ነው፤ እሺ ወይም እምቢ። እሺ ካለ አንሰልም አገሩ ይገባል፣ ሚስቱ ደጅ ላይ ትቆምለታለች፣ ቤቱ ቤቱ ይሆናል። እምቢ ካለ እዚሁ ስኳር ሲጠብቅ ያረጃል። የአገር ቤት በር እንዲህ በአንድ ቃል ይከፈት ነበር እንዴ? ይከፈታል፤ ቃሉ ግን ለፊርሚን ላካዝ ነው የሚሰጠው። ለዚያ ለፊርሚን።

ፊርሚን ማን ነው ቢሉት ምን ብሎ ይመልሳል? ቦርዶ ላይ አንድ ክፍል ውስጥ የኖሩ፣ አንድ ካፖርት በፈረቃ የለበሱ ጓደኛሞች ናቸው፤ አንዱ ትምህርት ቤት ሲሄድ ሌላው ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልሎ ይቆያል፣ ማታ የሄደው ለቀረው መምህሩ ያሉትን ይነግረዋል። ፊርሚን የውርስን ሕግ የተማረው ከአንሰልም አፍ ነው፣ አንሰልም የውልን ሕግ የሚያውቀው በፊርሚን ድምፅ ነው፣ እስከ ዛሬ ድረስ የውል አንቀጽ ሲያነብ ያንን የሚያፏጭ የፊርሚንን ድምፅ ይሰማል። ንጉሥ የሌለበት አገር እናያለን ብለው የማሉት አንድ ላይ ነው። ፓሪስ የገቡት አንድ ላይ ነው። ቤት የተከራዩት በአንድ መንገድ ላይ፣ ፊት ለፊት፣ በመስኮት ሰላም የሚባባሉበት ቦታ ነው፤ ችግሩ መንገዱ ነበር። መንገዱ የሁለት ቀበሌ ወሰን ነው። በአንሰልም በኩል ውል ጸሐፊዎችና የወይን ነጋዴዎች፣ በፊርሚን በኩል ቆዳ ፋቂዎችና ተሸካሚዎች። ሰው ጎራውን አስቦ የሚመርጥ ይመስለዋል። አንሰልም ዛሬ የሚያስበው ሌላ ነው፤ እኔ የእሱን ቤት ተከራይቼ እሱ የእኔን ቢከራይ ኖሮ፣ ማን ማንን ያሳድድ ነበር?

ጠባችንስ ምን ነበር? ይህን ለአልቶና የከተማ ሹም ሊያስረዳ ሞክሮ ያውቃል። በመጣ ሰሞን ነው፣ የመኖሪያ ፈቃድ ሲጠይቅ፤ ሹሙ ብርማ መነጽር ያደረገ፣ ትሁት፣ ሥራውን የሚወድ ሰው ነበር። «የንጉሡ ወገን ነዎት?» አለው። «አይደለሁም።» «እንግዲያው ንጉሡን ከገደሉት ወገን ነዎት።» «ከእነሱ ነው የሸሸሁት።» «ስለዚህ የንጉሡ ወገን ነዎት።» አንሰልም ተቀምጦ አስረዳ። ሪፐብሊክን የመሠረትነው ሁላችንም ነን አለ። ንጉሡ ጥፋተኛ ነው ያልነው ሁላችንም ነን። እኛ፣ የጂሮንድ ሰዎች የሚባሉት፣ በፍርዱ ላይ ሕዝብ ይጠየቅ አልን፤ እነሱ፣ ከምክር ቤቱ ከፍ ካለው አግዳሚ ላይ ስለሚቀመጡ ተራራዎቹ የሚባሉት፣ ሕዝቡ እኛ ነን አሉ። እኛ አገሩ ሁሉ ይምከር አልን፣ እነሱ ፓሪስ ትበቃለች አሉ። እኛ ነጋዴ በነጻ ይሽጥ አልን፣ እነሱ የዳቦ ዋጋ ይቆረጥ አሉ። ሹሙ በትዕግሥት ሰማ። ሲያበቃ፣ «በዚህ ነው የተገዳደላችሁት?» አለ፣ ለመሳደብ ሳይሆን ከልቡ ገርሞት። ከዚያ «ነጋዴ» ብሎ መዘገበው። ለፈረንሳይ የከዳ ስደተኛ፣ ለስደተኞቹ ባላባቶች የንጉሥ ገዳይ፣ ለአልቶና ነጋዴ።

ከሁለቱ መሃል፣ ከአዳራሹ ዝቅ ካለው ቦታ ላይ፣ ሌሎች ተቀምጠው ነበር፤ መሃል ሰፋሪዎቹ። ማንም አላስተዋላቸውም። እኛ ስንናገር ያጨበጭባሉ፣ እነዚያ ሲናገሩ ያጨበጭባሉ፣ እኛ ስንታረድ ዝም አሉ፣ አምና በሐምሌ ተራራዎቹ በተራቸው ሲታረዱ ዝም አሉ፣ አሁን አገሩን የሚገዙት እነሱ ናቸው። በአዋጅ የሚያስመልሱትም እነሱ ናቸው፤ በዚያ በግንቦትና በሰኔ መዘዝ የተሰደደ ሰው ይመለስ፣ ንብረቱም ይመለስለት ብለዋል። ብቻ በእርግጥ ሲፈለግ የነበረ መሆኑን የሚመሰክርለት ሰው ያቅርብ።

ማክሰኞ። አዳራሹ የቀድሞ መነኮሳት ይበሉበት የነበረ ነው፣ ግድግዳው ላይ የወጥ እድፍ ሳይቀር አለ። አንሰልም ሊቀ መንበር ነው፣ ፊቱ ትንሿ የነሐስ ደወል አለች፣ በስተቀኙ ጸሐፊው ሙሴ ፕሮስፔር ጎዴ ተቀምጠዋል፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ ካርታ ሲቀርጹ ኖረው ጣታቸው የጎበጠ ሽማግሌ። የቀረበው ጥያቄ፣ ሃያ ሁለት የጂሮንድ እንደራሴዎች ከምክር ቤቱ ይባረሩ የሚለውን አቤቱታ ቀበሌያችን ይፈርማል ወይ የሚል ነው። ይፈርማል የሚል ይቁም። የቆዳ ሽርጥ የለበሱት የቀበሌያችን ድሆች ከኋላ ቆሙ። አይፈርምም የሚል ይቁም። አዳራሹ ቆመ። አንሰልም ደወሉን መታ፤ ቀበሌው አይፈርምም። አሸነፉ። እና ያሸነፈ ሰው ምን ያደርጋል? እራቱን ሊበላ ይሄዳል።

የአንሰልም ወገን አንድ ጥፋት ነበረበት፣ ይርበዋል። ሚስት ትጠብቃለች፣ ሾርባ ይቀዘቅዛል፣ ውል ጸሐፊው ባርኔጣውን ያነሳል፣ ወይን ነጋዴው «ደህና እደሩ ዜጎች፣ ጥሩ ሥራ ሠራን» ይላል፣ አንድ በአንድ ይወጣሉ። እነዚያ ከኋላ ያሉት አይወጡም። የእነሱ ሾርባ አይቀዘቅዝም፣ የለማ። ይህን በየሳምንቱ እያየ፣ በየሳምንቱ ይኸው ሲደገም እያየ፣ አንሰልም አንድ ቀን እንኳ «ሰዎች፣ ተቀመጡ» ብሎ አያውቅም። የተሰጠ ድምፅ ተሰጥቷል ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ሙሴ ጎዴ ወደ ጆሮው ጎንበስ አሉ። «ልጄ፣ ይበቃናል፣ ስብሰባውን ዘግተን በሩን እናስቆልፍ።»

«ሰዓቱ ገና ነው፣ ሙሴ ጎዴ። ሕጉ እስከ ሰዓቱ ክፍት ይሁን ይላል።»

«ሕጉ ከመንገዱ ወዲያ ያሉትን ያውቃቸዋል?»

ሳቀ አንሰልም። ሲስቅ በሩ ተከፈተ፣ የጎረቤት ቀበሌ ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደ ሙሽራ አጃቢ ይገቡ ጀመር፣ አያልቁም፣ ከፊት ከፊት ፊርሚን። ያንኑ ካፖርት ለብሷል። ፊርሚን ባርኔጣውን አወለቀና «ዜጎች፣ ወንድም ልንሆን መጣን!» አለ።

ይህ በዚያ ግንቦት የተጀመረ ልማድ ነበር። ቀበሌ ወደ ቀበሌ ሄዶ ወንድም ልንሆን መጣን ካለ፣ ሊቀ መንበሩ ከመድረክ ወርዶ መሪያቸውን ይስማል፤ ከዚያ ወዲያ እንግዳ የለም፣ ሁለቱ ጉባኤ አንድ ጉባኤ ነው፣ የገባው ሁሉ ድምፅ አለው። አልስምም የሚል ሊቀ መንበር የለም። ወንድማማችነትን አልቀበልም ያለ በሪፐብሊኩ ላይ የተነሳ ነው። አንሰልም ያውቀዋል። ባዶዎቹን አግዳሚዎች አየ፣ የወንበሮቹ ሙቀት ገና አልበረደም፣ ወረደ። ፊርሚን አቀፈው። ግራ ጉንጩን ሳመው፣ ቀኝ ጉንጩን ሳመው፣ ከዚያ አልለቀቀውም፤ ከሚገባው በላይ ይዞት ቆየ፣ አገጩን ትከሻው ላይ አሳርፎ፣ እስትንፋሱ ይሰማል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። አንሰልም በዚያች ቅጽበት ያሰበውን ያስታውሳል፤ የሚያሳፍረውም ይህ ነው። እንግዲህ ፊርሚን ካለ ምንም አይደርስብንም ብሎ ነው ያሰበው።

ከዚያ ድምፁ ድጋሚ ይሰጥ ተባለ። ይፈርማል የሚል ይቁም። ግድግዳው የቆመ መሰለ። ከዚያ ፊርሚን ራሱ ተነሳና ሊቀ መንበሩ ይለወጥ አለ፣ ዜጋ ቴሲዬ ደክሞታል አለ፣ በለሆሳስ፣ ስለ ታመመ ሰው እንደሚናገር። ከኋላ አንዱ «ሾርባው ቀዝቅዞበት ነው፣ ልቀቁት!» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንሰልም ደወሉን አነሳ፣ ሙሴ ጎዴ እጅ ላይ አስቀመጠው፣ «እስከ ነገ ይያዙልኝ፤ ነገ ሰዎቻችንን ይዤ እመለሳለሁ» አለና ቀና ብሎ ወጣ። ቀና ብሎ መውጣቱ ያን ጊዜ ትልቅ ነገር መስሎት ነበር። ሽማግሌው ደወሉን ያዙ። አቤቱታውን ፈርመው ያስተላልፉ ሲባሉ «ሊቀ መንበሩ ሲመለስ» አሉ። ጮኹባቸው፤ «ሊቀ መንበሩ ሲመለስ» አሉ። ያቺ ቃል በመከር አንገታቸውን አስቆረጠቻቸው። ጊሎቲኑ ላይ ሲወጡ ሰማንያ ሊሞላቸው ትንሽ ነበር የቀራቸው።

ነገ የሚባለውም አልመጣ። በነጋታው የፊርሚን ሰዎች አዳራሹ በር ላይ ቆመው አላስገቡትም። አሥር ቀን ያህል ቆይቶ ምክር ቤቱ በመድፍ ተከበበ፣ እንደራሴዎቹ ተለቅመው ተያዙ፣ ቀጥሎ በየቀበሌው የቆመው ኮሚቴ፣ በእኛ ሰፈር ፊርሚን ያለበት፣ የእነሱ ወዳጅ የተባለውን ሁሉ ይለቅም ጀመር።

«ሙሴ ቴሲዬ፣ ይተንፍሱ እባክዎ» ይላሉ ባላባቱ። «ሲያስቡ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል።»

ትናንት ጉዌን ያገኘው ወደቡ አጠገብ፣ ቢራ ቤት ውስጥ ነው። ጉዌ ዓሣውን እየገነጠለ፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ ተናገረ። «ሙሴ ቴሲዬ፣ እኔ ቃል አድራሽ ነኝ፤ በተናገርኩት እኔን እንዳይመቱኝ።»

«ሰዓት ሻጭ ይመስሉኝ ነበር።»

«ሰዓት ማን ይገዛል? ዘንድሮ ፓሪስ ውስጥ የሚሸጥ ዳቦ ብቻ ነው፣ እሱም የለም። ሰውየው ግን ጠርቶኝ ሄድኩ። ላካዝ።»

«ደህና ነው?» አንሰልም ይህ ጥያቄ ከአፉ እንዴት እንደወጣ አያውቅም።

«ምን ደህንነት አለ። መሣሪያውን ቀምተውታል፣ ከቤት እንዳትወጣ ብለውታል። ያሁኖቹ ጎረምሶች፣ አንገታቸውን በሻሽ የጠመጠሙት፣ በየማታው መስኮቱን ይሰብራሉ። ግማሾቹን አውቃቸዋለሁ አለኝ፣ አምና ከእኔ ጋር ነበር የሚጮኹት አለ። ቀበሌው በተራራዎቹ ጊዜ ስለሠራው ሊጠይቀው በሚቀጥለው ወር ጉባኤ ላይ ያቆመዋል። አንድ የተሳደደ ሰው፣ ከእነዚያ ከጂሮንድ ሰዎች አንድ ሰው፣ ይህ ሰው አድኖኛል ብሎ ካልመሰከረ አበቃለት።»

አንሰልም ሳቀ። ረጅም ሳቅ ነው፣ አጠገባቸው ያሉት መርከበኞች ዞር ብለው አዩት። «እና እኔ ልመስክር? ለእሱ?»

«እሱም ለእርስዎ ይመሰክራል። የመያዣው ትእዛዝ በቃል ነበር አለ፤ መታዘዙን የሚያውቅ ከእኔ ሌላ በሕይወት የለም፣ ሌሎቹን ጊዜ በልቷቸዋል፣ ተፈልጎ ነበር የምለው እኔ ብቻ ነኝ አለ። እኔ ከሌለሁ አንሰልም እንደማንኛውም ባላባት በፈቃዱ የከዳ ነው የሚባለው አለ።»

«አድኖኛል ብዬ እንድዋሽ ነው የሚፈልገው።»

«እንዲዋሹ አይደለም።» ጉዌ ቢላውን አስቀመጠ። «ይህን ጠይቀው ብሎኛል። ሰው ለመያዝ ሲሄድ ከበሮ ከፊት የሚያስመታ ማን ነው?»

ከበሮው። እኩለ ቀን ነው፣ ሰኔ፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ሮዛሊ ከድስቱ እየጨለፈች ነው፣ ከመንገዱ ጥግ የከበሮ ድምፅ መጣ። አይቸኩልም። ከቀብር አካሄድ ይዘገያል። ይመታል፣ ይቆማል፣ ይመታል፣ አንድ ቤት ይቀርባል፣ ሌላ ቤት ይቀርባል፣ መንገዱ ሁሉ መስኮት ላይ ወጣ። ሮዛሊ ጭልፋውን እንደያዘች «ጫማህን» አለች፣ ሌላ ምንም አላለች። በማቅለሚያው ቤት ጓሮ፣ እርጥብ ጨርቅ በተሰቀለበት መሃል፣ ፊቱን ሰማያዊ ጨርቅ እየመታው ወጣ፤ ከበሮው ደጁ ላይ ሲደርስ እሱ ሁለት መንገድ ርቆ ነበር። ከዚያ ጋሪ፣ ከዚያ ወደብ፣ ከዚያ የዴንማርክ መርከብ። ይህን ታሪክ በስደት ቤት ስንት ጊዜ አውርቶታል፣ ስንቱን አስቆበታል፤ ሞኞቹ ሰው ሊይዙ ከበሮ ይዘው መጡ እያለ። ባላባቱ እንኳ ቀበቷቸውን እስኪፈቱ ነው የሳቁት። ሁለት ዓመት ሙሉ በሳቀበት ነገር ውስጥ ሌላ ሰው ቆሞ ነበር እንዴ?

ጉዌ ሌላም መልእክት ነበረው፣ ከሮዛሊ። ሮዛሊ ቤቱ እንዳይወረስ ብላ ፈታዋለች፤ የስደተኛ ሚስት ሁሉ ያደረገችው ነው፣ የወረቀት ፍቺ ይባላል፣ አንሰልምም ያውቃል። «እመቤት ሮዛሊ ያሉትን እንዳለ ልናገር?» አለ ጉዌ። «ይናገሩ።» «እውነቱን ይዞ እዚያ ይደርቃል፣ እኔ ግን እዚህ እየደረቅኩ ነው በሉት አሉ። የወረቀት ፍቺ የነበረው ወረቀት መሆኑ እየቀረ ነው በሉት አሉ። አንድ ውል ጸሐፊ አለ፣ ደግ ሰው ነው፣ አልደበቁኝም። ክረምት እስኪገባ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ዳቦ እየለመንኩ አልጠብቅም አሉ።»

እና አሁን አልጋው ላይ ነው፣ ቀኑ ገፍቷል፣ ሙቀት ገብቷል፣ ኮቱ ላይ ዝንብ አለ። እሺ በል አንሰልም። ምን ይጎድልብሃል? የተባልከው እውነት ነው፣ ከበሮው ተመትቷል፣ አንተም ወጥተሃል። ቆመህ «ፊርሚን ላካዝ ከበሮ አስመትቶ አድኖኛል» ትላለህ፣ እሱ ቆሞ «አንሰልም ቴሲዬ እንዲያዝ ታዝዞ ነበር» ይላል፣ ሁለት ሰዎች እርስ በርሳቸው ምስክር ሆነው ይለያያሉ፣ ቦርዶ ላይ አንዱ ለሌላው ትምህርቱን እንደሚያደርስለት። ሮዛሊ ጭልፋውን አንስታ ታቀርባለች። ፊርሚን፣ ምን ነካህ ግን? ማክሰኞ ሰው ፊት ስመኸኝ ገደልከኝ፣ በሰኔ ሰው ፊት ከበሮ አስመትተህ አዳንከኝ፣ የትኛው ነህ? ሁለት ዓመት ጠላት ነበረኝ፣ ጠላት ያለው ሰው ቢያንስ ጀርባውን የሚያስደግፍበት ግድግዳ አለው፣ አሁን እሱንም አፈረስክብኝ። ስታቅፈኝ እንደዚያ አጥብቀህ የያዝከኝ በኋላ የሚሆነውን እያወቅህ ነበር ማለት ነው። ማወቅ ብቻ አይደለም፤ አስበህ፣ ሰዓት መርጠህ፣ ሾርባ የምንጠጣበትን ጊዜ መርጠህ። ከዚያ ደግሞ ከበሮ።

«ሙሴ ደ ሞንቬር» አለ ወደ ግድግዳው።

ገለባው ዝም አለ። «አቤት ዜጋ።»

«በእርስዎ ዘመን ሰው ሲያዝ ከበሮ ይመታ ነበር?»

«በእኛ ዘመን ከበሮው የሚመታው ሰውየው ከተያዘ በኋላ ነው፣ ሲሰቀል እንዳይናገር።» የባላባቱ ድምፅ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። «ያ የሚያስቁበት ታሪክ ነው?»

«እሱ ነው። ሆነ ብሎ ያስመታው ጓደኛዬ ነው ተባልኩ።»

«እንግዲያው ይወድዎታል። መጥፎ ዕድል ነው።»

«ምኑ?»

«ጠላትን ይቅር ማለት ቄሱም ያስተምራል። ወዶ የጎዳን ግን…» ባላባቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ገለባው እንደገና ይንኮሻኮሽ ጀመር። «እኔም የራሴ ወንድም አለኝ። አልነገርኩዎትም፣ አልነግርዎትምም። ይተኙ።»

አልተኛም። ጓሮው መጣበት፣ ሰማያዊው ጨርቅ፣ ከጓሮው ወጥቶ የገባበት ቀጭን መንገድ፣ በዚያ መንገድ ጥግ ያለው የሙሴ ጎዴ ቤት። መስኮቱ ክፍት ነበር። መጋረጃው ወደ ውጭ ተነፍቶ ነበር። ያን ጊዜ እሳቸውም ሰምተው ወጥተዋል ብሎ ተጽናና፣ ሮጠ። በኋላ ነው የሰማው፣ መርከቡ ላይ፣ ከዚያው ሰፈር ከሸሸ ቆዳ ነጋዴ፤ ሽማግሌውን የወሰዷቸው የዚያኑ ዕለት ማለዳ ነው። ሦስት ሰዎች መጡ አለ ቆዳ ነጋዴው፣ በባዶ እግር ደረጃ እንደሚወጣ ሌባ፣ ድምፅ የለም፣ ጎረቤት አልነቃም፣ የቤት ጫማቸውን እንዳደረጉ ወሰዷቸው። ይህን ወሬ አንሰልም ከከበሮው ታሪክ ጋር አንድ ላይ አስቀምጦት አያውቅም። አንዱ የሚያስቅ ነበር፣ ሌላው የሚያስለቅስ፤ አንድ ቀን መሆናቸውን፣ የአንድ ኮሚቴ ሥራ መሆናቸውን ያውቃል፣ ግን ጎን ለጎን አላቆማቸውም ነበር። አሁን ቆሙ። ማለዳ ዝምታ፣ እኩለ ቀን ከበሮ። እንዴት በዝምታ እንደሚያዝ ታውቅ ነበር ማለት ነው፣ ፊርሚን። ማን በዝምታ፣ ማን በከበሮ እንደሚያዝ የምትመርጠው አንተ ነበርክ። ደወሉን ትቼላቸው የወጣሁት እኔ ነኝ፤ ይህን ማንም አይነግረኝም፣ በየጠዋቱ ከራሴ እሰማዋለሁ። የአንተን ግን ከማን ልስማ?

በሩ ተንኳኳ። ጉዌ የሰዓት ሳጥኑን በትከሻው አንግቶ ገባ፣ ላቡን ጠረገ፣ ክፍሉ ውስጥ ወንበር ስለሌለ ቆመ።

«አላሳረፍኩዎትም። ጋሪው ነገ ማለዳ ነው። እሺ ልበለው?»

አንሰልም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ድምፁ እሱን ራሱን እስኪገርመው የረጋ ነበር። «ከበሮውን እመሰክራለሁ ይበሉት። ተመትቷል፣ ሰምቻለሁ፣ በእሱ ምክንያት በሕይወት አለሁ። በጽሑፍ አልሰጥም፣ እዚያው ቆሜ በአፌ እናገረዋለሁ።»

«እግዜር ይስጥልን» አለ ጉዌ ትከሻው እየላላ። «እመቤት ሮዛሊ…»

«አልጨረስኩም። ከእኔ በፊት እሱ ይቆማል። ሙሴ ጎዴ የሚባሉ ሰው ነበሩ፣ ያውቃቸዋል፣ ካርታቸውን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ነበር። የዚያኑ ዕለት ማለዳ ነው ያስወሰዳቸው። ለእሳቸው ከበሮ አልተመታም።»

ጉዌ ሳጥኑን ከትከሻው አወረደ። «ምናልባት ሽማግሌው አልሸሽም ብለው ይሆናል። አንዳንድ ሽማግሌ እንደዚያ ነው።»

«ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ይናገር፣ አምነዋለሁ።»

«ምናልባት ማለዳውን እሱ አላዘዘ ይሆናል።»

«ይናገራ። ሁለቱን ማዳን አልቻልኩም፣ አንዱን መረጥኩ ቢልም እቀበለዋለሁ። ፈራሁ ቢልም፣ ረሳኋቸው ቢልም። ዝም ማለቱን ብቻ ነው የማልቀበለው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያ አገር አንድ ሰው አልመለሰልኝም፣ ምክር ቤቱም፣ ፍርድ ቤቱም፣ አዲሶቹም አዋጃቸውን ይልካሉ እንጂ አይመልሱም።»

«ካልመለሰስ? እሱም ያልቅለታል፣ እርስዎም እዚህ ይቀራሉ። እመቤት ሮዛሊ ደግሞ እስከ ክረምት ነው ያሉት።»

አንሰልም ኮቱ ላይ ያረፈችውን ዝንብ በእጁ አባረረ። ከግድግዳው ወዲያ ገለባው አይንኮሻኮሽም፤ ባላባቱም እያዳመጡ ነው።

«ያሉትን ሰምቻለሁ» አለ። «ቀበሌው ጉባኤ ላይ ሲያቆመው፣ ሁሉም ተቀምጦ እሱ ብቻ ሲቆም፣ ከሁሉ በፊት ይህን ይመልስ። ፊርሚን፣ ለእኔ ያስመታኸውን ከበሮ ለሙሴ ጎዴ ለምን ነፈግኻቸው? እንዲህ ብሎ ጠይቆሃል ይበሉት። እመልሳለሁ እስኪል ከፊቱ አይሂዱ።»